የትርፍ ሰዓት ክስ በስምምነት ሲያልቅ ለሠራተኛው የሚደርሰው ስንት ነው?

የሕግ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፉት ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የሚበዙት በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ስለ ደመወዝና ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ የጻፏቸው ናቸው። አንዳንዶቹ በአሠሪያቸው ላይ የቀረበ ክስ በስምምነት ማለቁን የሚገልጽ ወረቀት በፖስታ ደርሷቸው ምን እንደሚያደርጉ ግራ የገባቸው ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ገና ሳይከሱ አሠሪው «ይህችን ተቀበልና እንታረቅ» ያላቸው ናቸው። ለዚህ እትም ስድስቱን መርጠን፣ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያስታውቀውን ትተንና አሳጥረን አቅርበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምንሰጠው ጠቅላላ ማብራሪያ ስለሆነ፣ ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ለጠበቃ ማሳየታችሁን እንዳትዘነጉ አደራ እንላለን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

*አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከብበት ኤጀንሲ ውስጥ ከሦስት ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በሳምንት 60 ሰዓት ብሠራም ለሁሉም ሰዓት የሚከፈለኝ እኩል 16 ዶላር ነበር። አሁን ኤጀንሲው ተከሶ በ2 ሚሊዮን 100 ሺህ ዶላር እንደተስማማ፣ የእኔም ድርሻ 1,340 ዶላር ገደማ እንደሚሆን የሚናገር ወረቀት ደረሰኝ። ያን ያህል ሚሊዮን ተከፍሎ እንዴት ለእኔ ይህች ብቻ ትደርሰኛለች? ልቀበል ወይስ ልተወው?*

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው፤ የቀረበልዎት ገንዘብ ማነሱ ወይም መብዛቱ የሚታወቀው ከሚገባዎት ጋር ሲመዛዘን ነውና። በ1938 የወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራ ለእያንዳንዱ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እንዲከፈል ያዛል። እርስዎ በሳምንት 20 የትርፍ ሰዓት ሠርተው 16 ዶላሩን ስለወሰዱ፣ የቀረብዎት በሰዓት 8 ዶላር፣ በሳምንት 160 ዶላር ነው። የፌዴራሉ ሕግ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ሁለት ዓመት ነው፤ አሠሪው ሕጉን እያወቀ ወይም ደንታ ሳይሰጠው እንደጣሰ ከተረጋገጠ ሦስት ዓመት ይሆናል። ስለዚህ በሁለት ዓመት 16,640 ዶላር፣ በሦስት ዓመት ደግሞ 24,960 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። አሠሪው በቅን ልቦናና በበቂ ምክንያት የሠራ መሆኑን ካላስረዳ በስተቀር ሕጉ በዚሁ ላይ እኩያውን በካሳ መልክ ይጨምራል። የሜሪላንድ ሕግ ከዚህም አልፎ እስከ ሦስት እጥፍ መፍረድ የሚያስችል ሲሆን፣ ይህ ለትርፍ ሰዓት ክፍያም እንደሚሠራ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2014 የወሰነው እንደ እርስዎ ያለች የቤት ውስጥ ተንከባካቢ ባቀረበችው ክስ ነበር። እንግዲህ 1,340 ዶላሩን ከዚህ አጠገብ አስቀምጠው ይዩት።

ታዲያ ቀሪው የት ሄደ? ከ2 ሚሊዮን 100 ሺህ ዶላር ላይ እንደተለመደው አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም 700 ሺህ ዶላር ለጠበቆች ይወጣል። ለፍርድ ቤት ወጪና ገንዘቡን ለሚያከፋፍለው ድርጅት፣ ስማቸውን አስመዝግበው ክሱን ለጀመሩት ሠራተኞች ከሚሰጠው ተጨማሪ ጋር 60 ሺህ ያህል ቢነሣ 1 ሚሊዮን 340 ሺህ ይቀራል። ተካፋዮቹ 1 ሺህ ከሆኑ ለአንድ ሰው በአማካይ የሚደርሰው እርስዎ የተጻፈልዎት ገንዘብ ይሆናል። ዋናው ነገር «በአማካይ» የሚለው ነው። በሳምንት 42 ሰዓት የሠራችውና 60 ሰዓት የሠሩት እርስዎ እኩል ተመድባችሁ ከሆነ ክፍፍሉ በድሎዎታል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ድርሻው በምን እንደተሰላ፣ በሥራ ሳምንታት ቁጥር ወይስ በትክክለኛው የትርፍ ሰዓት ብዛት፣ የሚያስረዳ ክፍል መኖር አለበት። ከሌለ ለከሳሾቹ ጠበቃ ደውለው ይጠይቁ፤ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ በደንብ የተዘጋጀ ስምምነት ከሆነም አከፋፋዩ የእርስዎን ሰዓት የሚያሳይ መዝገብ ይኖረዋል።

አንዳንድ ስምምነቶች ደግሞ ጣሪያና ወለል አላቸው። ዋልማርት በዲሴምበር 2008 በመላው አገሪቱ የነበሩበትን 63 የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክሶች ለመጨረስ ሲስማማ የተነገረው ገንዘብ ቢያንስ 352 ሚሊዮን፣ ቢበዛ 640 ሚሊዮን ዶላር የሚል ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው ስንት ሠራተኛ ቅጹን ሞልቶ ድርሻውን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ነው። በእንዲህ ያለው አሠራር ያልተጠየቀው ገንዘብ ተመልሶ ወደ አሠሪው ኪስ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቅጽ ሞልተው እንዲመልሱ ከተጠየቁና ስምምነቱን ከተቀበሉት፣ ዝም ማለት ለአሠሪው ስጦታ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እንመለስ። ውሳኔዎን የሚወስነው የክሱ ዓይነት ነው፤ ሁለቱ ዓይነቶች ተቃራኒ ውጤት አላቸው። ክሱ በክልል ሕግ የቀረበ የቡድን ክስ ከሆነ፣ «ልውጣ» ብለው በጽሑፍ በተሰጠው ቀን ካላመለከቱ በስተቀር እንደተስማሙ ይቆጠራሉ፤ ዝም ቢሉም መብትዎ አብሮ ይዘጋል። በፌዴራሉ የትርፍ ሰዓት ሕግ የቀረበ ከሆነ ግን ራስዎ ፈርመው ካልገቡ በስተቀር ክሱ አይመለከትዎትም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር አለ፦ የሥራ ባልደረባዎ ከሁለት ዓመት በፊት መክሰሷ የእርስዎን ይርጋ አያቆምም። የእርስዎ የሚቆመው የእርስዎ ፊርማ ያለበት የመግቢያ ወረቀት ፍርድ ቤት በገባበት ቀን ነው። «እነ እገሌ ከሰውልናል» እያልን በምንጠብቅበት በእያንዳንዱ ሳምንት ከኋላ አንድ ሳምንት እየተቆረጠ ይሄዳል፤ በእርስዎ ሒሳብ 160 ዶላር ማለት ነው። ስለዚህ ከስምምነቱ ለመውጣት ካሰቡ ከመውጣትዎ በፊት የራስዎን ክስ የሚይዝ ጠበቃ ማግኘት ይኖርብዎታል። ክሱ የመሸነፍ ዕድልም እንዳለው፣ ኤጀንሲው ከስሮ ሊዘጋ እንደሚችል፣ ክርክሩም ዓመታት ሊፈጅ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፤ ጠበቆች በቅናሽ የሚስማሙትም ይህንን አስልተው ነው። ቢሆንም እርስዎ የነገሩን ሰዓት በማስረጃ የሚደገፍ ከሆነ፣ በእኛ አስተያየት ሳይጠይቁ መፈረም የለብዎትም።

አንድ ነገር እንጨምር። ከአንዱ ታካሚ ቤት ወደ ሌላው ታካሚ ቤት በዚያው ቀን ሲሄዱ በአውቶቡስ ወይም በመኪና የሚያጠፉት ጊዜ የሥራ ሰዓት ነው። ጠዋት ከቤት መውጣትና ማታ መመለስ አይቆጠርም፤ በመካከል ያለው ግን ይቆጠራል። ብዙ ኤጀንሲዎች ይህን ስለማይመዘግቡት 60 ሰዓትዎ በእርግጥ 66 ሊሆን ይችላል። በኤጀንሲ የሚቀጠሩ ተንከባካቢዎች የትርፍ ሰዓት መብት ያገኙት በ2013 በወጣውና የይግባኝ ክርክሩ በ2015 ካለቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ በሠራው የፌዴራል ደንብ ነው። የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በጁላይ 2025 ይህን ደንብ ለመሻር ሐሳብ አቅርቧል፤ በዚያው ወርም በራሱ በኩል ማስፈጸሙን አቁሟል። ይህ እጅግ ያሳስበናል፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ላይ ከተሰማሩት ስደተኛ እናቶችና እህቶች ስንቶቹ የእኛ እንደሆኑ እናውቃለን። ሆኖም ደንቡ በጸናበት ጊዜ ለተሠራ ሰዓት ሠራተኛዋ ራሷ የምታቀርበው ክስ በዚህ ምክንያት አይዘጋም።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

*በአንድ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ «ማናጀር» ተብዬ በሳምንት 900 ዶላር ቁርጥ ደመወዝ እየተከፈለኝ 65 ሰዓት እሠራለሁ። ካሽ ሬጂስተር ላይ የምቆመው፣ ፍሪጅ የምሞላው፣ መጸዳጃ ቤት የማጸዳው እኔው ነኝ፤ ሰው የመቅጠርም የማባረርም ሥልጣን የለኝም። ባለቤቱ «ሳለሪ ላይ ስለሆንክ ኦቨርታይም የለህም» ይለኛል። እውነት ነው?*

በቁርጥ ደመወዝ መሆንዎ ብቻውን የትርፍ ሰዓት ክፍያ አያስቀርም። ሕጉ ማናጀሮችን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ የሚያደርገው የደመወዙ ልክና የሥራው ይዘት አንድ ላይ ሲሟሉ ነው። ልኩ በአሁኑ ጊዜ በሳምንት 684 ዶላር ነው። በ2024 የወጣ ደንብ ይህን ከፍ አድርጎት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በዓመት 58,656 ዶላር ሊያደርሰው ነበር፤ ነገር ግን በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በኖቬምበር 15 ቀን 2024 ደንቡን በመሻሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ደንቡ ቢጸና ኖሮ የእርስዎ 900 ዶላር ከልኩ በታች ስለሚሆን ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር። አሁን ግን ክርክሩ በሥራው ይዘት ላይ ይሆናል፦ ዋና ሥራዎ ማስተዳደር ነው ወይ? ቢያንስ የሁለት ሙሉ ጊዜ ሠራተኞች አለቃ ነዎት ወይ? በቅጥርና በስንብት ላይ የሚናገሩት ክብደት ይሰጠዋል ወይ? እርስዎ ከገለጹልን ሦስቱም አጠራጣሪ ናቸው።

የእርስዎን የመሰለ ጉዳይ በትልቁ የታየው በፋሚሊ ዶላር መደብሮች ላይ ነው። 1,424 «ማናጀሮች» ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ጊዜያቸውን ዕቃ በመደርደር፣ ገንዘብ በመቀበልና በማጽዳት እንደሚያሳልፉ አስረድተው፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2008 ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተፈረደላቸውን አጽንቶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሱቅ ሰንሰለቶች ተመሳሳይ ክስ ሲቀርብባቸው እስከ ፍርድ ሳይጠብቁ መስማማትን መርጠዋል።

በቅርቡ ግን በእርስዎ አካባቢ ሚዛኑን ትንሽ ያዘነበለ ነገር ተፈጥሯል። በዋሽንግተን አካባቢ ምግብ ለግሮሰሪዎች የሚያከፋፍል ኢ ኤም ዲ ሴልስ የተባለ ድርጅት ከሠራተኞቹ ጋር ያደረገው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጃንዋሪ 15 ቀን 2025 ተወስኗል። እስከዚያ ድረስ ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን የሚያጠቃልለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ አሠሪው «ይህ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት አይገባውም» ሲል በጣም ጠንካራና ግልጽ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠይቅ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው፣ እንደ ማንኛውም የፍትሐ ብሔር ክርክር ማስረጃው ወደ አንዱ ወገን ካደላ በቂ ነው ብለዋል። የማስረዳት ሸክሙ አሁንም የአሠሪው ነው፤ ክብደቱ ግን ቀንሷል፤ ይህም በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሠራተኛውን ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ ግን የስምምነቱን ልክ የሚወስነው የሒሳቡ መንገድ ነው፤ ይህን ካወቁ ጠበቃዎም ሆነ አሠሪዎ የሚናገረውን ይከታተላሉ። 900 ዶላሩ የተከፈለው ለ40 ሰዓት ነው ከተባለ፣ የሰዓቱ ዋጋ 22 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆኖ የ25 ትርፍ ሰዓት ክፍያ በአንድ ተኩል ሲሰላ በሳምንት 843 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይመጣል። ለተሠራው ሰዓት ሁሉ ነው ከተባለ ደግሞ 900 ለ65 ተካፍሎ የሰዓቱ ዋጋ ወደ 13 ዶላር ከ85 ሳንቲም ይወርዳል፤ የሚጨመረውም የዚያ ግማሽ ብቻ ስለሚሆን በሳምንት 173 ዶላር ገደማ ይሆናል። ያው ሠራተኛ፣ ያው ሰዓት፣ ልዩነቱ ግን አምስት እጥፍ ሊደርስ ምንም ያህል አይቀረው። በአካባቢዎ ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2011 ሁለተኛውን መንገድ ተቀብሏል፤ ያም የሚሠራው ደመወዙ ለሰዓቱ ሁሉ እንደሆነ ሁለቱም ወገኖች ተግባብተው ከነበረ ነው። ስለዚህ ሲቀጠሩ ምን እንደተባባላችሁ የሚያሳይ የስልክ መልእክትም ሆነ የቅጥር ወረቀት ካለዎት በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ማስረጃ ነውና ያስቀምጡት።

ከፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ

*የራይድሼር ሾፌር ነኝ። የኒው ዮርክ ሾፌሮች ከኡበርና ከሊፍት ገንዘብ ሲያገኙ እኛ ለምን ምንም አላገኘንም? ክሶቹስ እየበዙ ነው ወይስ እየቀነሱ?*

የኒው ዮርኩ ስምምነት የተደረገው በኖቬምበር 2023 ሲሆን፣ ኡበር 290 ሚሊዮን፣ ሊፍት 38 ሚሊዮን፣ በድምሩ 328 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ዋናው ጉዳይ ተሳፋሪው መክፈል የነበረበትን የሽያጭ ግብርና ሌላ ክፍያ ከሾፌሩ ገቢ ላይ መቁረጣቸው ነበር። የማሳቹሴትሱ ደግሞ በጁን 2024 በ175 ሚሊዮን ዶላር ተቋጭቶ ለሾፌሮች በሰዓት የ32 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወለል አስቀምጧል። ሁለቱንም ያመሳሰላቸው ከሳሾቹ ሾፌሮች አለመሆናቸው ነው፤ ጉዳዩን የያዙት የክልሎቹ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጎች ነበሩ።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እርስዎ መተግበሪያውን ሲከፍቱ «እስማማለሁ» ብለው የተጫኑት ውል፣ ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤት ሳይሆን በግልግል ዳኝነት፣ ያውም ከሌሎች ጋር ሳይሆን ለብቻዎ እንደሚቀርቡ ይናገራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2018፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን እንዲህ ያለ ውል ማስፈረም እንደሚችሉ ወስኗል። የዚህ ውሳኔ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ሾፌሮች «ተቀጣሪ ሠራተኞች ነን» ብለው በካሊፎርኒያ ኡበርን በከሰሱበት ጉዳይ ላይ በግልጽ ይታያል። በ2016 ኡበር 385 ሺህ ገደማ ሾፌሮችን በሚመለከት እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲስማማ፣ ዳኛ ኤድዋርድ ቼን ገንዘቡ ከክሱ ክብደት ጋር አይመጣጠንም ብለው ሳያጸድቁት ቀሩ። በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አብዛኞቹ ሾፌሮች በውላቸው መሠረት ወደ ግልግል መሄድ አለባቸው ሲል፣ በቡድኑ ውስጥ የቀሩት 13,600 ያህል ብቻ ሆኑ፤ በ2019 የተደረሰበትም ስምምነት 20 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዳኛው ሲወስኑ ለሾፌሮቹ ተቆርቁረው ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የተለወጠው ሕግ አብዛኛውን ሾፌር ሜዳ ላይ ጣለው።

የተጣሉት ግን ሁሉም ዝም አላሉም። ጠበቆች ሾፌሮችን በአሥር ሺዎች እያሰባሰቡ ለእያንዳንዳቸው የተናጠል ግልግል ጠየቁ። በግልግል ዳኝነት የመክፈቻ ወጪው አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ስለሆነ፣ ኩባንያዎቹ የራሳቸው ውል ዕዳ ሆነባቸው። ኡበር በ2019 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ ባስገባው ሰነድ ከ60 ሺህ በላይ ለሆኑ የግልግል ጥያቄዎች ከ146 እስከ 170 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ገልጿል። ምግብ በየቤቱ የሚያደርሰው ዶርዳሽም በ2020 ከ5 ሺህ በላይ አድራሾችን አንድ በአንድ እንዲዳኝ በዳኛ ዊልያም አልሰፕ ታዟል፤ የመክፈቻው ክፍያ ብቻ 9 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ ነበር።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄዎ በአንድ ቃል አይመለስም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚከፈቱት የደመወዝ ክሶች በ2015 ገደማ በዓመት ከ8 ሺህ በላይ ደርሰው ከዚያ ወዲህ ወርደዋል። ሆኖም ክሱ ቀነሰ ማለት በደሉ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ አንዱ ክፍል ወደማይታየው የግልግል ዳኝነት ሄዷል፣ ሌላው ወደ ክልል ፍርድ ቤቶችና ወደ ዐቃቤ ሕጎች። ዐቃቤ ሕግ ሠራተኛው በፈረመው የግልግል ውል አይታሰርም፤ ለዚህም ነው የት ይሠራሉ የሚለው ጥያቄ ከመቼውም ይልቅ ገንዘብ የሚያወጣው። በዋሽንግተን ዲሲ ለምሳሌ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በጃንዋሪ 2020 ፓወር ዲዛይን ከተባለ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ ጋር በ2 ሚሊዮን 750 ሺህ ዶላር ተስማምቷል፤ ክሱ ከ500 በላይ ሠራተኞችን እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ኮንትራክተር (በራሱ እንደሚሠራ ሰው) ቆጥሮ ትርፍ ሰዓታቸውን አስቀርቷል የሚል ነበር። ወንዙን ተሻግሮ መሥራት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል። አዲስ ውል ሲመጣልዎ ግን ሳያነቡ አይጫኑ፤ ብዙዎቹ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካሳወቁ ከግልግሉ አንቀጽ መውጣት ይፈቅዳሉ።

ከዋሽንግተን ዲሲ

*ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ። በሳምንት ስድስት ቀን ለብቻዬ ስለምገባ ቦታዬን ለቅቄ ምሳ መብላት አልችልም፤ ነገር ግን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የምሳ ተብሎ ይቆረጥብኛል። ሒሳብ ለመዝጋትም ከሽፍቴ በኋላ እቆያለሁ። ቅሬታ ሳቀርብ አለቃዬ 3 ሺህ ዶላር በጥሬው ሊሰጠኝና «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ሊያስፈርመኝ ፈለገ። ማስረጃ የለኝም፤ ልቀበል?*

የበሉበት እንጂ የተቆረጠበት ምሳ ዕረፍት አይባልም። መኪና ሲመጣ ቲኬት እየሰጡ፣ ቁልፍ እየተቀበሉ ቆሎ ቢቆረጥሙ ያ ግማሽ ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሦስት ሰዓት ይሆናል፣ ሒሳብ የሚዘጉበት ሳይጨመር። በኮምፒዩተር በራሱ የሚቆረጠው የምሳ ሰዓት ሆስፒታሎችን፣ መጋዘኖችንና የጥበቃ ድርጅቶችን ደጋግሞ ያስከሰሰና ወደ ስምምነት የወሰደ ጉዳይ ነው።

ማስረጃ የለኝም ማለትዎ ልክ አይደለም። ሰዓት የመመዝገብ ግዴታ የአሠሪው ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1946 በአንድ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ክስ እንደወሰነው፣ አሠሪው በትክክል ካልመዘገበ ሠራተኛው የሠራውን በተገቢ ግምት ማሳየቱ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ማፍረስ የአሠሪው ፈንታ ነው። በዕለቱ መጨረሻ የተዘጋው ሒሳብ ላይ ሰዓት ታትሟል። ስልክዎ የት እንደነበሩ መዝግቧል። «ገና አልወጣሁም፣ እራት ብሉ» ብለው ለቤተሰብ የላኩት የቫይበር መልእክትም ቀንና ሰዓት አለው። ዛሬውኑ ፎቶ እያነሡ ከመሥሪያ ቤቱ ስልክና ኮምፒዩተር ውጭ ያስቀምጡት፤ ከዛሬ ጀምሮም የገቡበትንና የወጡበትን ደብተር ላይ ይጻፉ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የፌዴራሉ የትርፍ ሰዓት መብት በግል ፊርማ የሚሸጥ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ1945 ተናግሯል፤ በ1982 ደግሞ አንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ስምምነት እንዲጸና ወይ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሊቆጣጠረው ወይም ፍርድ ቤት ሊያጸድቀው ይገባል ብሏል፤ ብዙ ፍርድ ቤቶችም ተከትለውታል። በቴክሳስ በኩል ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2012 ለዘብ ያለ መንገድ መርጧል፤ ስለዚህ «ወረቀቱ ዋጋ የለውም» ብለው ተማምነው እንዳይፈርሙ። የዲሲን ሕግ ያስቡ፦ ይርጋው ሦስት ዓመት ሲሆን፣ ካልተከፈለው ደመወዝ በተጨማሪ የዚያን ሦስት እጥፍ ካሳ ይፈቅዳል፤ ያልተከፈለው ደመወዝ ራሱ ሲጨመር አራት እጥፍ ማለት ነው። 3 ሺህ ዶላሩ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ለማን እንደሚጠቅም ግልጽ ነው።

ወደ ፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ለመሄድ ካሰቡ አንድ አዲስ ነገር ይወቁ። መሥሪያ ቤቱ ከጁን 2025 ጀምሮ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሚያስከፍለው ላይ እኩያውን ካሳ መጠየቁን ትቷል፤ ያልተከፈለውን ደመወዝ ብቻ ያስመልሳል። እዚያ በሚሰጥዎ ቅጽ ላይ ፈርመው ገንዘቡን ከተቀበሉ ደግሞ በዚያ ጉዳይ መክሰስ አይችሉም። እንደ እርስዎ ዲሲ ውስጥ ለሚሠራ ሰው መጀመሪያ የዲሲን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ወይም ነፃ የሕግ አገልግሎት ማነጋገር ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

ስሟን እንዳንጠቅስ ከጠየቀችን እህት

*የሥራ ፈቃድ የለኝም። ሬስቶራንት ውስጥ ሠርቼ ያልተከፈለኝ ገንዘብ አለ። ብጠይቅ አሠሪዬ «ኢሚግሬሽን እጠራለሁ» ብሎኛል።*

ለሠሩት ሥራ ደመወዝ የማግኘት መብትዎ በወረቀትዎ ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ ፍርድ ቤቶች ይህን በተደጋጋሚ አረጋግጠዋል። በ2002 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የከለከለው ከሥራ ከተባረሩ በኋላ ላልተሠራ ጊዜ የሚጠየቀውን ነው እንጂ ላብ ፈስሶበት የተሠራውን አይደለም። ደመወዙን የጠየቀን ሠራተኛ በኢሚግሬሽን ማስፈራራትም ራሱ ሌላ ጥሰት ሲሆን፣ በአሠሪው ላይ ተጨማሪ ክስ ያስከትላል። ይህን ስንል ፍርሃትዎ መሠረት የለውም ማለታችን አይደለም። ስለዚህ ማንኛውንም ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት የሥራ ሕግንም የኢሚግሬሽን ሕግንም የሚያውቅ ጠበቃ ያነጋግሩ፤ የነገሩት በምስጢር ይጠበቃል። ማስፈራሪያው በድምፅ መልእክት ወይም በጽሑፍ የመጣ ከሆነ አያጥፉት።

ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

*ከስምምነት ድርሻዬ ሁለት ቼክ ደረሰኝ፤ ከአንዱ ላይ ታክስ ተቆርጧል፣ ከሌላው አልተቆረጠም። ስሕተት ነው?*

ስሕተት አይደለም። የመጀመሪያው ያልተከፈለ ደመወዝ ስለሆነ እንደ ማንኛውም ፔይቼክ ታክስና የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ ተቆርጦለት በዳብልዩ 2 ቅጽ ይገለጻል። ሁለተኛው ካሳ ነው፤ በ1099 ቅጽ ይመጣል። ያልተቆረጠበት ግን ግብር ስለሌለበት ሳይሆን ከፋዩ እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ ነው፤ ዓመታዊ ግብርዎን ሲያሳውቁ ማካተት አለብዎት። የግብር መለያ ቁጥርዎን ለአከፋፋዩ ካልሰጡ ከዚህኛው ላይ 24 በመቶ ሊያዝ ይችላል። ቼኮቹ ላይ የተጻፈውንም የጊዜ ገደብ ይመልከቱ፤ ከ90 እስከ 180 ቀን የሆነ ገደብ የተለመደ ነው፤ ካለፈ ባንክ አይመነዝረውም። ከስምምነቱ በኋላ ቤት የቀየራችሁ አንባቢዎች አዲሱን አድራሻ ለአከፋፋዩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ስልኩና አድራሻው መጀመሪያ በደረሳችሁ ወረቀት የመጨረሻ ገጽ ላይ ይገኛል።